ካባውና ሙልሙሉ

ነሐሴ 12 ቀን አመሻሹ ላይ በደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ከተማ መጀመሪያ የሚሰማው የጅራፍ ጩኸት ነው። ቀጥሎ የዱላ ምት ይመጣል። ልጆች ተሰብስበው ከአንዱ ደጅ ይቆማሉ፤ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዮቹ መሬቱን በዱላ እየደለቁ ሆያ ሆዬ ይላሉ። አባወራው ይሞገሳል፣ እመቤቲቱም ትወደሳለች። በሩ ገርበብ ሲል ሙልሙሉ ብቅ ይላል፤ ትኩሱ እጅ ያቃጥላል። ልጆቹ ተቀብለው፣ መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። በማግስቱ የሚውለው በዓል፣ ቡሄ፣ ሌላ ስሙ ከከተማዋ ጋር አንድ ነው።

እዚህ ደጃፍ ላይ ውዳሴና ስጦታ ሲለዋወጡ የሚያፍር የለም። የሰጠ ሰው መመስገኑ ነውር ሆኖ አያውቅም። ይሁንና የሚያወድሱት ሙልሙሉን የሚበሉት ልጆች ናቸው። አባወራው ራሱ አወዳሽ ቀጥሮ ደጁ ላይ ቢያቆም ሰፈሩ ይስቅበት ነበር።

ዛሬ ውዳሴው ከደጃፍ ወጥቶ አዳራሽ ገብቷል። የምረቃ ወቅት በመጣ ቁጥር ዘፋኙ፣ ተዋናዩ፣ ሯጩና ባለሀብቱ የክብር ዶክትሬት ካባ ሲደረብላቸው በቴሌቪዥን እናያለን። ከሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ «በጎ አድራጎት» የሚለው አይጠፋም። ጭብጨባው ሳይበርድ ክርክሩ ይነሳል፤ ይገባዋል፣ አይገባውም። ዝነኛ ሰው ለበጎ ሥራው የአደባባይ ክብር ይገባዋል ወይ የሚለውን ጥያቄ በደቡብ ጎንደር ሆኖ ለሚያስበው ሰው፣ ነገሩ ከካባም ከጭብጨባም በፊት ይጀምራል። ከ1977ቱ ረሃብ ይጀምራል።

እብናትና ለንደን

ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ቦብ ጌልዶፍ የተባለው የአየርላንድ ዘፋኝ የእንግሊዝን ስመ ጥር ሙዚቀኞች ለንደን ውስጥ አንድ ስቱዲዮ አስገብቶ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገቢ የሚሆን ዘፈን አስቀረጸ። ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ከለንደንና ከፊላዴልፊያ በሳተላይት ለዓለም ተሠራጨ። በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ተሰበሰበ፤ እህል፣ መድኃኒትና የጭነት መኪና ተገዛበት። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ ዘውድ ለጌልዶፍ የክብር ናይትነት ሰጠው። የእንግሊዝ ዜጋ ስላልሆነ በደንቡ «ሰር» ተብሎ አይጠራም፤ ሰዉ ግን ሰር ቦብ እያለ ይጠራዋል። የክብር ዶክትሬት ያገኘውን ሁሉ «ዶክተር» ስንል የከረምን እኛ በዚህ ልንስቅ አንችልም።

ከደብረ ታቦር ወደ ሰሜን የሚገኘው እብናት በ1977ቱ ረሃብ ከትልልቆቹ የረሃብተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩትን ተረጂዎች በወታደር ከመጠለያው አስወጥተው፣ ጎጆዎቹን አቃጥለው፣ የደከመውን ሕዝብ ወደየመጣበት በእግሩ ሰደዱት። ላይቭ ኤይድ ሊዘፈን የሦስት ወር ዕድሜ እንኳ አልቀረውም ነበር። የደርግን የግዳጅ ሰፈራ በአደባባይ የተቃወመው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ።

ይህን የማነሳው የጌልዶፍን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። የመጣው እህል የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ዘፈን እህል ሊገዛ ቢችልም የእብናቱን ጎጆ ከእሳት ሊያድን አልቻለም። ክብሩን የመዘነው ለንደን ነው፤ እብናት ምን አገኘች፣ ምን አጣች የሚለው ሚዛኑ ላይ አልወጣም።

መጥቶ የቀረው ተዋናይ

የካርልሃይንዝ በም ታሪክ ከዚህ ይለያል። በም በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም የንጉሠ ነገሥት ሚና ተጫውቶ ልብ የሰረቀ ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በአንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ላይ ውርርድ ገጠመ፤ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለአፍሪካ ችግረኞች አንድ አንድ ማርክ አያዋጣም አለ። ውርርዱን ረታ፤ ሲሶው አላዋጣም። ቢሆንም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ገንዘብ መጣ። በም ገንዘቡን በፖስታ ልኮ አልተቀመጠም። ራሱ ኢትዮጵያ መጣ፣ ሐረርጌ ኤረር ሸለቆ ወረደ፣ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ትወናውን ትቶ ዕድሜውን በዚሁ ሥራ ፈጀ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ዓለም ከተማ ላይ ድርጅቱ የሠራው እናት ሆስፒታል የመርሐቤቴን ሰው ያክማል።

የኢትዮጵያ መንግሥት የክብር ዜግነት የሰጠው ሥራውን ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም በስሙ አደባባይ ተሰይሟል። ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲያርፍ ክብሩን «ለምን?» ያለ ሰው አልሰማሁም። ዝናውን ይዞ መጣ እንጂ በሥራው አልሸመተውም፤ በሕይወቱ የከፈለው ከዝናው ይበልጣል።

በሁለቱ መካከል ሌላ ዓይነት ዝነኛ አለ፤ ድምፁን የሚያውስ። አውስትራሊያዊቷ የማኅፀን ሐኪም ካትሪን ሐምሊን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥተው የፌስቱላ ሕሙማንን ማከም ያዙ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ ኦፕራ ዊንፍሬይ በቴሌቪዥን ፕሮግራሟ ጋበዘቻቸው፤ ዓለምም ሰማቸው። ባሕር ዳር ላይ የተከፈተው የሐምሊን ማዕከል ከደቡብ ጎንደር ደጋ በወሊድ ተጎድታ ለምትወርድ እናት ቅርብ ነው። የኦፕራ ማይክሮፎን ጠቅሟል። ቢላዋውን የያዘው ግን የሐኪሟ እጅ ነው። ለኦፕራ ምስጋና፣ ለሐምሊን የክብር ዜግነት፤ ልኩ ይህ ይመስለኛል።

በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዶንኪ ቲዩብ የቀጥታ ሥርጭት ለአረጋውያን መጦሪያው ለመቄዶንያ ሕንፃ ገንዘብ ሲያሰባስብ ያየነው ይኸው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳውን ሰው መጥራት ራሱ ሥራ ነውና ይመስገንበት። አረጋዊውን በየሌሊቱ የሚያገላብጠው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ዝና ከሥራ በኋላ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራ አምባ ትገኛለች። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ ቀለም ያልቆጠሩ ገበሬ ናቸው። በ1964 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎችን ይዘው ወንድና ሴት እኩል የሚሠሩበት፣ ወንድ ፈትል የሚፈትልበት፣ አረጋዊ የሚጦርበት ማኅበረሰብ መሠረቱ። ለረጅም ዘመን ያገኙት ክብር ሳይሆን ስድብ ነበር፤ ተሳደዱ፣ አገር ጥለውም ሄዱ። ካሜራውና የክብር ዶክትሬቱ የመጡት ብዙ ዘግይተው ነው። ዙምራ ዝነኛ ሆነው በጎ አልሠሩም፤ በጎ ሠርተው ዝነኛ ሆኑ።

«ታዲያ ዝነኛ ሆኖ መጀመር ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ በም ምስክር ነው። ክብር ሌላውን ዝነኛ ያተጋል የሚለው ክርክርም እውነት አለው። ዝነኛው ግን በበጎ ሥራው አስቀድሞ ደመወዝ ያገኛል፤ ስሙ ይገዝፋል፣ ተከታዩ ይበዛል። ካባው በላዩ ሲታከል ሁለተኛ ክፍያ ነው። አንዳንዴም ጋሻ ይሆናል። የእንግሊዙ የቴሌቪዥን ሰው ጂሚ ሳቪል ለበጎ አድራጎቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ናይት ተብሎ ነበር፤ በ2011 ከሞተ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሕፃናትን ሲደፍር መኖሩ ተገለጠ። ናይትነቱ ከሰውየው ጋር ስለሚያበቃ የሚነጠቅ ነገር እንኳ አልተገኘም።

ስለዚህ ለዝነኛ ሰው ክብር ይሰጥ፤ ግን ይዘግይ። ዘመቻው ሳይሆን ከዘመቻው ከአሥር ዓመት በኋላ የቆመው ይታይ። ሒሳቡ ይመርመር። ከሁሉ በላይ ተቀባዩ ይጠየቅ። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ሕዝብ እጩ እንዲጠቁም ማድረጉ ለዚህ ጥሩ ጅምር ነው። ደብረ ታቦርም የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ካባ ለማልበስ የሚያስብ ሴኔት ሁሉ መጀመሪያ ሁለት መምህራንን መንደር ወርደው እንዲጠይቁ ቢልክ ከካባው ዋጋ አይበልጥበትም።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አልፎ ወደ ጉና ሲቃረብ፣ ሕዝብ ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ታቦር ተሰደደ። የቡሄ ሰሞን ነበር። ለዋዜማው ሙልሙል የሚጋገርበት ምጣድ ለተፈናቃይ እንጀራ ተጣደ፤ በየጓዳው በሶ ተበጠበጠ። የጋገሩት ሴቶች ስም በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። የበሉት ሰዎች ግን የትኛው ቤት እንደሆነ ዛሬም ያውቁታል፤ ቢጠየቁ ደጁን ያሳያሉ።