ፊደል የቆጠረ ሁሉ አያነብም

በ2009 ዓ.ም. በኦሮሚያ የቁቤ፣ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ የሆነው ፊደል፣ ተራ ተለውጦ ወጣ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ይጀምር የነበረው ኤል፣ ኤ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤም እያለ እንዲጀምር ተደረገ። ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል አልፎ ማኅበራዊ ሚዲያውን አጥለቀለቀው። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ሆኖ ከጸደቀ ወዲህ ተራ ፊደል ሆኖ አያውቅም፤ በስሙ የሚጠራ ትውልድ አለ። ተራውን መንካት ማንነትን መንካት መስሎ የታያቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ቁጣቸው ይገባኛል። በጩኸቱ መሀል ግን አንድ ጥያቄ ተዋጠ፦ ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ያለ የሰባት ዓመት ልጅ ማንበብ የሚማረው እንዴት ነው?

የለውጡ ምክንያት ቀላል ነበር። በቋንቋው ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ፊደሎች ከቀደሙ፣ ልጁ ሁሉንም እስኪጨርስ ሳይጠብቅ ቃል ማንበብ ይጀምራል። በአዲሱ ተራ የመጀመሪያዎቹ አምስት ፊደሎች “ለገ” (ወንዝ፤ የለገጣፎው “ለገ”)፣ “ለመ” (ሁለት) እና “ኢልመ” (ወንድ ልጅ) ይጻፋሉ። የድሮውም ተራ ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም፤ በኤ፣ በቢና በዲ ብቻ “አባ” (አባት) እና “አዳ” (ባህል) ይወጣሉ። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ ለዚያ ሁሉ ጠብ የሚያበቃ አይመስለኝም። ይልቅ የሚያሳስበው፣ የትኛውም ተራ ቢመረጥ ልጁ በዜማ ሊያወርደውና አንዷን ፊደል ነጥለው ሲያሳዩት ሊጠፋበት መቻሉ ነው።

ይህን የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ልጁ “ሀ ሁ”ን በቃሉ ካንበለበለ በኋላ የኔታ ወደ “አ ቡ ጊ ዳ” ያሻግሩታል። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ተራው ግን ተበውዟል። በዜማው ተደግፎ ሲሄድ የነበረ ልጅ እዚህ ላይ ይጋለጣል፣ መልኩን ለይቶ ያወቀ ይቀጥላል። በጅማ፣ ከአባ ጅፋር መንግሥት ጀምሮ የእስልምና ትምህርት በደረጀባት አገር፣ የቁርኣን ልጆች በሉሕ ላይ “አሊፍ፣ ባ፣ ታ” ብለው ፊደሉን ከለዩ በኋላ ከአናባቢ ምልክቶቹ ከፈትሓ፣ ከከስራና ከደማ ጋር እያጣመሩ ማንበብ ይማራሉ። ድምፅን ከምልክት ማጣመር የሚባለው፣ ዛሬ በየሥልጠናው እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርበው ነገር፣ በሁለቱም ደጃፍ ሲሠራበት የኖረ ነው።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ለንባብ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር ያሳያሉ። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጽሑፍ ማንበብን እንደ ብዜት አዩት፤ ምልክቱን ወደ ድምፅ መለወጥ፣ ሲባዛ በቋንቋው መረዳት። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ዳዊትን በግዕዝ ወይም ቁርኣንን በዐረብኛ አጥርቶ የሚያነብ፣ ቋንቋውን ግን ገና ያልተማረ ልጅ የመጀመሪያው ሙሉ፣ ሁለተኛው ባዶ ነው። ዓላማው ሌላ ስለሆነ ይህ ነውር የለበትም። የሊሙ ገጠር ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አፋን ኦሮሞን ከቤቱ ይዞት ይመጣል፣ የሚነገረውን ሁሉ ይረዳል፣ የሚጎድለው ምልክቱ ብቻ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ከብዜቱ ግማሹን በነፃ ይሰጠዋል። በጅማ ከተማ፣ ቤቱ ዳውሮኛ ወይም ካፍኛ የሚነገርበት ልጅ ግን ይህ ዕድል አይደርሰውም።

ታዲያ ያ የቀረው ግማሽ፣ ምልክቱን ማንበብ፣ እንዴት ነው? በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የልማት ድርጅት ድጋፍ፣ አፋን ኦሮሞንና አማርኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ ተፈተኑ። ለክፍላቸው የሚመጥን አጭር ታሪክ ተሰጣቸው፣ ሰዓት ተያዘ። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶው ስለ ታሪኩ አንድም ጥያቄ አልመለሱም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ። የቁቤ ተራ የተለወጠውም ልጆች ማንበብ አቅቷቸዋል ከሚለው ከዚሁ ስጋት ነው።

ሰዓት የሚያዘው ልጅ ለማጣደፍ አይደለም። ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ እንደ ውኃ አይፈስም፤ ሩብ ሰከንድ ያህል ይቆማል፣ ይዘላል፣ እንደገና ይቆማል። የሠለጠነ አንባቢ በአንድ እይታ ብዙ ፊደል ያነሣል። ጀማሪው ግን እያንዳንዷን ፊደል እየነቀሰ ሲሄድ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጀመሪያው ከአእምሮው ይጠፋል። ዘገምተኛ ንባብ መረዳትን የሚገድለው በዚህ ነው። ቋንቋዎችን በደቂቃ በተነበበ ቃል ብዛት ማወዳደር ግን ስሕተት ነው። የአፋን ኦሮሞ ቃል ቅጥያ እየጨመረ ይረዝማል፣ ቁቤም ረጅሙን አናባቢና የሚጠብቀውን ተነባቢ ደርቦ ስለሚጽፍ ያስረዝመዋል።

ያ መደረብ ግን ጥቅም አለው። በአፋን ኦሮሞ መጥፎ የሚለውና ደጋ የሚለው ቃል በግዕዝ ፊደል ሁለቱም “በዳ” ናቸው፤ የሚለያቸው የ“ደ” መጥበቅ ነው፣ ቁቤም ያንን በግልጽ ያሳያል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አፋን ኦሮሞን በግዕዝ ፊደል የተማሩ ጎልማሶች ይህን በዐውዱ መገመት ነበረባቸው፣ አማርኛ አንባቢ ዛሬም “ገና” ላይ እንደሚያደርገው። በአንጻሩ የግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አጣምሮ ያቀርባል፤ “ላ” አንድ ምልክት ነው። የቁቤ ልጅ ሁለቱን ራሱ ማጋጠም አለበት። የአማርኛው ልጅ ደግሞ 33ቱን በሰባት አባዝቶ 231 ቅርጽ ይለምዳል። ሁለቱም ሸክም አላቸው፣ ሁለቱም የሚቻሉ ናቸው። ስለዚህ ለውጤቱ ድክመት ጽሕፈቱን መክሰስ ከንቱ ይመስለኛል። የሚጎድለው ልምምድና መጽሐፍ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ስድሳ ልጅ አብሮ ሲጮኽ ማን እንዳነበበና ማን ጎረቤቱን እንዳስተጋባ አይለይም።

በቡና አገር ሌላም ነገር ይጨመራል። ትምህርት መስከረም ላይ ይከፈታል፤ ቀዩ ቡና የሚለቀመውም በመኸሩ ወራት ነው። የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ በእነዚያ ሳምንታት ስለሚወሰን የልጅ እጅም ይፈለጋል። የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች የሚሰጡበት ጊዜ ይኸው ነው። ሳምንት የቀረ ልጅ ያመለጠው ፊደል ከዚያ በኋላ በሚመጣው ቃል ሁሉ ውስጥ ስላለ፣ ጉድለቱ በዚያው ሳምንት አያበቃም። መምህሩ ከመኸሩ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለስበት ሳምንት መመደብ፣ ከማንኛውም የተራ ለውጥ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ልጁ ማንበብ መቻሉን ወላጅም ሊያይ ይችላል። መጽሐፉን ከመሀል ከፍተው ፊደል ያለ ተራው ይጠቁሙት። ያላጠናውን አጭር ገጽ ያስነብቡት፤ ከዚያ ይዝጉትና “ምን ሆነ?” ይበሉት። ይህን የመጨረሻውን ለመጠየቅ ማንበብ የማይችል ወላጅም በቂ ነው፤ ልጁ በራሱ ቋንቋ ታሪኩን መልሶ ከተረከ አንብቧል።