የመጪውን ዓመት ኑሮ አስቀድሞ ስለ መገመት

አዲስ ዓመት በቀረበ ቍጥር የአገር ሀብት በመቶ ይህን ያህል ያድጋል የሚል አሐዝ ይነገራል። ጥቅሙን አንክድም፤ ነገር ግን አብዛኛው ሕዝብ በእርሻና በከብት ርቢ በሚኖርበት በአገራችን ግምቱ መጀመር ያለበት ከዝናቡና ከገበያው ነው ብለን እናምናለን። ለዚህም 2008 ዓ.ም.ን በምሳሌነት መርጠናል።

በ2007 ዓ.ም. አጋማሽ የምግብ ርዳታ ያስፈልጋቸዋል የተባሉት ሰዎች 2.9 ሚሊዮን ነበሩ። በነሐሴ ቍጥሩ 4.5 ሚሊዮን፥ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. 8.2 ሚሊዮን ሆነ፤ በታኅሣሥም 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ይህ የሆነው ቈጣሪዎቹ ሰንፈው አይደለም። የመጀመሪያው አሐዝ የተሠራው በልጉ ሳይታወቅ ነው፤ ከዚያም በልጉ ቀረ፥ ክረምቱም በብዙ ቦታ ዘግይቶ ገብቶ ሳያጠግብ ወጣ። ስንዴ ከውጭ ተገዝቶ በጂቡቲ ወደብ በኩል ወረዳ እስኪደርስ ወራት ስለሚፈጅ፥ የዘገየ አሐዝ የዘገየ እህል ማለት ነው።

የክረምቱ መጓደል ዋና ምክንያት ኤልኒኖ ነበር። ይኸውም በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከልና ምሥራቅ የባሕሩ ገጽ ከወትሮው ይልቅ ሲሞቅ የሚፈጠር ሁናቴ ነው። ያን ጊዜ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ሲያንስ፥ በደቡብ ምሥራቁ ቆላ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ዝናብ ብዙ ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ለመላው አገር አንድ ቃል መናገር ከንቱ ነው፤ አንዱ ድርቅ ሲፈራ ሌላው ጎርፍ ይፈራል።

ዝናቡ ግን የነገሩ እኩሌታ ብቻ ነው። በአፋር ያለው ከብት አርቢ ሣሩ ሲደርቅበት ፍየሉን ለሽያጭ ያወጣል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋልና የፍየል ዋጋ ይወድቃል። አንድ ፍየል ስንት ቁና እህል ይገዛል? እኛ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ይህን ነው። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ወሎ ረኃብ ሲያብራራ፥ በ1965 ዓ.ም. በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙ ሳይንር ሕዝቡ የመግዣ አቅም አጥቶ እንደ ተራበ አሳይቷል። የእህሉን ዋጋ ብቻ የተመለከተ ተመራማሪ በዚያ ዓመት ችግር የለም ብሎ በጻፈ ነበር።

የሕዝብ ቍጥርም አለ። ሦስተኛው ቈጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፥ ለ2010 ዓ.ም. የታሰበው አራተኛው በተደጋጋሚ ተላልፏል። በነፍስ ወከፍ እየተባለ የሚቀርበው ገቢ ሁሉ በዚያ አሮጌ ቈጠራ ላይ በተሠራ ስሌት የተካፈለ ነው።