የትኛው ጥንቸል ለሥጋ? መጀመሪያ የድስቱን ባለቤት ጠይቁ!

«ሥጋ ተወደደ» የማይል ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ! በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሰርቦም ሆነ በሊሙ ገነት ወጣቶች ሰብሰብ ባሉበት ወሬው ያው ነው። ታዲያ ሰሞኑን የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «በጓሮዬ ጥንቸል ላረባ አስቤያለሁ። ለሥጋ የሚሆነው ዝርያ የትኛው ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ዝርያ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። ለምን? እነሆ!

መጀመሪያ፦ ማን ይበላዋል?

አንድ ወጣት መምህር ጅማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ስለ ጥንቸል ያላነበበው የለም። ነጭ፣ ጤነኛ፣ ሸጋ የሆኑ ሦስት ጥንቸሎች ገዛ። ሣጥኑን ራሱ ሠራ። በአራተኛው ወር የመጀመሪያዋን አርዶ የጋራው ማድቤት ውስጥ ድስት ጣደ። አከራዩ እትዬ ግን የፆም ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር በኔ ግቢ አይሆንም። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ አንተ ውጣ» አሉት። ልጁ ጥንቸሎቹን በነፃ ሰጥቶ ተገላገለ።

እትዬ ክፉ ሆነው አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋህዶ ዘንድ ጥንቸል አይበላም። ነገሩ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ሰፍሯል፤ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ ነውና ርኩስ ተብሏል። በአንፃሩ በሱኒ ሙስሊሞች አራቱም መዝሀቦች ጥንቸል ሐላል ነው። በደንቡ ይታረድ እንጂ መብላቱ አያስነውርም። ጅማና አካባቢዋ ደግሞ ሙስሊሙ የሚበዛበት ሀገር ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚህ የጥንቸል ሥጋ ተመጋቢ የማግኘት ዕድል ሰፋ ያለ ነው።

ግን ልብ በሉ! ሐላል ነው ማለትና ተለምዷል ማለት ለየቅል ናቸው። አንዲት የአጋሮ ልጅ ቤተሰቦቿ ሙስሊም ናቸው። እናቷ ግን ጥንቸሉን ሲያዩ «ይሄማ ድመት ነው!» ብለው አፈገፈጉ። ልጅቷ ብልህ ናት፤ አልተጨቃጨቀችም። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ብቻ አስገባች። የመጀመሪያውን አባቷ አረዱላት፣ ጥብስ አድርጋ አቀረበች። እናትየው ሦስተኛው ላይ ቀመሱ። ዛሬ «መቼ ነው የምታርዱት?» የሚሉት እሳቸው ናቸው!

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ጥንቸል ከመግዛታችሁ በፊት ከባል ከሚስት፣ ከእናት ከአባት፣ ከአከራይና ማድቤት ከምትጋሩት ጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። የራሳችሁ ድስት፣ የራሳችሁ ቢላ ይኑራችሁ። ለእንግዳም ሳትነግሩ እንዳታቀርቡ፤ ነውር ብቻ ሳይሆን የሰውን እምነት መድፈር ነው።

ዝርያ ብቻውን ተአምር አይሠራም

ዝርያ ሁሉን ነገር ቢፈታ ኖሮ ጅማ ዛሬ በፈረንጅ ዶሮ ብቻ በተሞላች ነበር። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በዚያው አሥርት ዓመት የጅማና የዓለማያ እርሻ ኮሌጆች እንደ ሮድ አይላንድ ሬድና ነጭ ሌግሆርን ያሉ ዶሮዎችን ወደ ሀገራችን አስገብተዋል። ከዚያ ወዲህ 70 ዓመት አለፈ። በየገጠሩ ጓሮ የሚጭረው ዶሮ ግን አሁንም አብዛኛው የሐበሻ ነው። የፈረንጁ ዶሮ መኖ ይላል፣ ክትባት ይላል፣ ቤት ይላል። እነዚህ ከሌሉ ዘሩ ምንም ቢሆን ፈንግል ጠራርጎት ይሄዳል። ጥንቸልም እንደዚሁ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

በዓለም ላይ ለሥጋ ስማቸው የሚነሳው ሁለት ናቸው። አንደኛው ኒውዚላንድ ኋይት ነው። ስሙ ያታልላል እንጂ የተዳቀለው አሜሪካ ውስጥ ነው። ነጭ ነው፣ ዓይኑ ቀይ ነው፣ ሲያድግ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ሁለተኛው ካሊፎርኒያን ነው። ሰውነቱ ነጭ ሆኖ አፍንጫው፣ ጆሮው፣ እግሩና ጭራው ጠቆር ይላል። ከመጀመሪያው ትንሽ ቢያንስም ሥጋው ሙሉ ነው። ፍሌሚሽ ጃይንት የሚባለው ግዙፍ ደግሞ ከ6 ኪሎ በላይ ይወጣል። ወጣቶችን የሚያማልለው እሱ ነው። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። መኖ ይጨርሳል፣ አጥንቱ ትልቅ ነው፣ ሥጋ እስኪይዝ ድረስ ጊዜ ይወስዳል።

ሻጭ «ይሄ ንፁሕ ኒውዚላንድ ነው» ቢላችሁ ቸኩላችሁ እጅ አትስጡ። ነጭ ፀጉርና ቀይ ዓይን ብቻውን ምስክር አይሆንም። ከስሙ ይልቅ ይህን ጠይቁ፦ ዕድሜው ስንት ነው? እናቱ በአንድ ጊዜ ስንት ወለደች? ስንቱን አሳደገች? ሚዛን ላይ አስቀምጡት። አፍንጫውና የፊት እግሩ መዳፍ እርጥብ ከሆነ ጉንፋን ይዞታል፤ ተዉት። ጆሮው ውስጥ ቅርፊት፣ ጭራው ሥር ተቅማጥ ካለም ተዉት። እዚሁ በወይና ደጋው ተወልዶ ያደገ፣ መካከለኛ ቁመና ያለው ክልስ ከሩቅ ከመጣ ባለ ስም ይበልጥባችኋል። ወንዱና ሴቶቹ ደግሞ የአንድ እናት ልጆች እንዳይሆኑ!

ጠላቱ ሙቀት ሳይሆን ዝናብ ነው

ጥንቸል ሙቀት ይጎዳዋል። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲቆይበት ወንዱ ለጊዜው መምከን ሁሉ አለ። ጅማ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሙቀቱ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው ክረምቱ ነው። ረግረግ ላይ፣ ሽንት በተጠራቀመበት ቤት የሚኖር ጥንቸል ሳንባው ይያዛል። ሣጥኑ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ይበል። ወለሉ ኩስና ሽንት የሚያሳልፍ ይሁን። ጣራው ወጣ ብሎ ዝናብ ይከልክል። ሽቦው ጠንካራ ይሁን፤ በቡናው ጫካ ውስጥ ሸለመጥማጥና ጥርኝ አሉና!

ለመኖ ሳር፣ የስኳር ድንች ሐረግና ትንሽ ፉርሽካ ይበቃል። ጤዛ ያለበትን ቅጠል በቀጥታ አትስጡ፤ መጀመሪያ ጠውለግ ይበል። ንፁሕ ውሃ አይለየው። አንድ ነገር ግን በደማቁ ይሰመርበት፦ የአቮካዶ ቅጠል መርዝ ነው! በኛ ሀገር አቮካዶ እንደ ልብ ነውና ልጆች ቀንጥሰው ይሰጡታል። ልቡን ይጎዳል፣ የእናቲቱንም ጡት ያሳብጣል። የቡና ገለባም ቢሆን ካፌይን አለበትና ከሣጥኑ አርቁት።

ሂሳቡ እንዲህ ነው

ሴቷ ከ5 እስከ 6 ወር ሲሆናት ወደ ወንዱ ቤት ትወሰዳለች እንጂ ወንዱ ወደ እሷ አይሄድም፤ ትጣላዋለች። እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው። በ28ኛው ቀን ሳር የተጎዘጎዘበት የመውለጃ ሣጥን አስገቡላት። ሁለት ሴቶች በዓመት አራት አራት ጊዜ ወልደው በየጊዜው አምስት አምስት ቢያሳድጉ 40 ጥንቸል ነው። በሦስት፣ በአራት ወሩ 2 ኪሎ የደረሰ ጥንቸል ከነአጥንቱ 1 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይሰጣል። በዓመት 40 ኪሎ፣ ማለትም በሳምንት ከ1 ኪሎ ትንሽ ያነሰ። ለሁለት ሰው ቤት መቼ አነሰ?

ሀብታም ለመሆን ተበድሮ 50 ጥንቸል የሚገዛ ካለ ግን ረጋ ይበል። የጥንቸል ሥጋ የሚሸጥበት ልኳንዳ በየመንገዱ የለም። መጀመሪያ የቤታችሁን ድስት ቻሉ፣ ገበያው ኋላ ይደረስበታል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሕፃናት ካሉ የሚታረዱትን ስም እንዳያወጡላቸው። ስም ያለው ጥንቸል ድስት ውስጥ ሲገባ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ስም ማውጣት ካማራቸው ለእናቶቹና ለወንዱ ያውጡ፤ እነሱ ይከርማሉ።

ቸር ይግጠመን!