የቆርኪው ሒሳብ

ባለፈው እሑድ ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ ባለው የእናቴ ቤት ቶናው ሲቀዳ፣ የእህቴ ልጆች ፊልም ከፈቱ። «የፊሊፒንስ ነው፤ በጣም ያስቃል» አሉን። ርእሱ ወደ እኛ ሲመለስ «በሰባተኛው የእስር ክፍል የሆነ ተአምር» እንደ ማለት ነው።

ታሪኩ መጀመሪያ የኮሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ እዚያው አገር ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ገብቶ አይቶታል። በ2019 ቱርኮችም ፊሊፒኖችም በየራሳቸው ደገሙት። የፊሊፒኖቹ ለእይታ የበቃው በገና ዕለት ነው። በዚያ ሰሞን የማኒላ ሲኒማ ቤቶች ለዓመታዊው ፌስቲቫል የአገር ውስጥ ፊልም ስለሚያሳዩ ቤተሰብ ተያይዞ ይገባል።

አጋ ሙላክ የሚጫወተው ጆሴሊቶ ሙሉ ሰው ነው፤ አስተሳሰቡ ግን የልጅ። ትንሿ ሴት ልጁ በማስተዋል ትበልጠዋለች። ባልሠራው ወንጀል ሲታሰር እስረኞቹ ልጅቷን ደብቀው ያስገቡለታል። ሳቁ ያለው እዚያ ነው፤ እነዚያ የተፈሩ ወንበዴዎች ለአንዲት ሕፃን ሲርበደበዱ። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ መሐረብ ግን አይራቃችሁ።

ልጆቹ ሲስቁ እኔ አንገቴን ደፋሁ። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ እንዲሁ ያለ ሰው ነበር። ጢም አውጥቷል፤ ከእኛ ጋር ግን ብይ ይጫወታል፣ ጎማ ይነዳል፣ ሲሸነፍ ያለቅሳል። እኛ «ሞኙ» ነበር የምንለው። ዛሬ የአእምሮ እድገት ውስንነት ይባላል፤ ከአእምሮ ሕመምም የተለየ ነው። ያኔ ይህን የነገረን አልነበረም። ብዙ ወላጅ እንዲህ ያለውን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይደብቅ ነበር። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ማዕከልን የከፈቱት በዚሁ ከተማ ነው። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ሲለምኑ ኖረዋል። ኦቲዝም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጓዳው ግን አንድ ነበር።

የእኛ ሰፈር ሰው እናት አልደበቁትም። ያሾፍንበት እኛ ነን። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስበን «ገንዘብ ነው፣ ከረሜላ ግዛበት» ብለን ወደ ሱቅ እንልከዋለን። ባለ ሱቁ ቆርኪውን ቆጥሮ ይቀበልና ከረሜላ ይሰጠዋል። እሱም ለእኛ ያካፍለናል። ከረሜላውን እየበላን በሁለቱም እንስቅ ነበር፤ ባለ ሱቁም እንደሱ ሞኝ ነው ብለን።

ፊልሙ ሲያልቅ ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ መናዘዜ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች፣ በረካውን እየቀዳች።

«ምኑን?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ባለ ሱቁ ቆርኪውን በወተት ጣሳ ያጠራቅማል። ወር ሲሞላ እናቱ ሄደው ያስቆጥሩና ይከፍላሉ። እንጀራ ሸጠው ነው ታዲያ የሚከፍሉት።»

«ለምን ዝም አሉን? ለምን አልተቆጡንም?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር» አለች። «‹ከተቆጣኋቸው አብረውት አይጫወቱም› አሉኝ።»