አያቴ ብራስልስን ለሁለተኛ ጊዜ አዩ

አያቴ 74 ዓመታቸው ነው። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ዕብራይስጡም ለኩፓት ሆሊምና ለሱቅ ያህል ነው። ታናሽ እህታቸው የምትኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ስላለባት ርቃ መሄድ አትችልም። ሁለቱ ሱዳን ላይ ከተለያዩ ወዲህ የተገናኙት አንዴ ብቻ፣ ያውም በሠርግ ግርግር ነው። ከፋሲካ በኋላ አያቴ «እሷ ካልቻለች እኔ እሄዳለሁ» አሉ። እኔም አብሬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ያስጨነቀን ፈቃዱ ነበር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ባዮሜትሪክ ዳርኮን ያለው እስራኤላዊ አሜሪካ ውስጥ እስከ 90 ቀን ለመጎብኘት ቪዛ አያስፈልገውም። «ኤስታ» የሚባለውን ፈቃድ ግን ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት በኢንተርኔት መጠየቅ አለበት። አደራ፣ በአሜሪካ መንግሥት ገጽ ላይ ብቻ ይሙሉ፤ መሀል ገብተው እጥፍ የሚያስከፍሉ አሉ።

ብዙ ሰው በአዲስ አበባ በኩል መሄድ ይወዳል፤ ቋንቋው አለ፣ እንጀራው አለ። ነገር ግን ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ በየዘመኑ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ። ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ ይመጣል። ወገባቸውን ለሚያማቸው ለአያቴ ይህን ሁሉ መቀመጥ አልመከርኩም። በብራስልስ በኩል ቆረጥን፤ እውነቱን ለመናገር ርካሹም እሱ ነበር።

ከቤን ጉሪዮን የምንነሣበት አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ዘገየ። ብራስልስ ላይ የነበረን ጊዜ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቲኬቱን ስቆርጥ «ይበቃል» ያልኩት እኔ ነኝ። ለወጣት ሊበቃ ይችላል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ፣ እንደገና ፍተሻ ለሚጠብቀው ሰው ግን ሦስት ሰዓትም አይበዛም። ስንደርስ የዋሽንግተኑ ሄዷል። አያቴ ነገሩን ከፊቴ አነበቡት። «ዛሬ ነበር የምትጠብቀኝ፤ ነገ ሐኪም ቤት ናት» አሉና ዝም አሉ።

ያዳነን ሁለቱም በረራዎች በአንድ ቲኬት ላይ መሆናቸው ነው። እንዲህ ሲሆን ሌላ በረራ መፈለግ፣ ምግብና ማደሪያ መስጠት የኩባንያው ዕዳ ነው። የአውሮፓ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ፣ የመጨረሻው መድረሻ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለዘገየ መንገደኛ ሕጉ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ይፈቅዳል፤ መዘግየቱ ከኩባንያው አቅም በላይ ካልሆነ። ሁለት የተለያየ ቲኬት ገዝተን ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው በከንቱ ይቀር ነበር። ሻንጣችን አየር ማረፊያው አደረ። የአያቴ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ግን በእጅ ቦርሳቸው ነበር።

ሆቴሉ ገብተን አያቴ መስኮቱ ላይ ቆሙ።

«ይህ ከተማ ማን ነው ያልሽኝ?»

«ብራስልስ።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ነበርኩ።»

በ1984 መጨረሻ፣ በዘመቻ ሙሴ ጊዜ፣ ሰዎቻችን በሌሊት ከካርቱም የተጫኑት በአንድ የቤልጅየም ኩባንያ አውሮፕላኖች ነው። ሱዳን ከእስራኤል ጋር ግንኙነት ስላልነበራት በቀጥታ መምጣት አይቻልም፤ ብራስልስ አርፈው ነበር የሚቀጥሉት። ይህን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። አያቴ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «አውሮፕላኑ ሲቆም ኢየሩሳሌም ገባን ብለን እልል አልን። ዝም በሉ፣ ገና ነው አሉን። በመስኮት መብራት አየሁ። አላወረዱንም። እናትሽ ዓመት አልሞላትም፣ ጭኔ ላይ ናት። እኔ የማስበው ኡም ራኩባ የቀረችውን እህቴን ነበር። በሚቀጥለው ትመጣለች ብለውኛል።»

አልመጣችም። ወሬው ወጥቶ በጃንዋሪ 1985 በረራው ቆመ። እሷ ሱዳን ሁለት ዓመት ቆይታ ከስደተኞች ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች። ይህን ሁሉ ቤታችን ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። ብራስልስ ለእኔ የዋጋ ጉዳይ ነበረች።

በማግስቱ አትላንቲክን ስናቋርጥ አያቴ ፊታቸው ያለውን ካርታ እያዩ «ለምን ወደ ሰሜን ይዞራል?» አሉ። ብርቱካን ይዤ በጣቴ አሳየኋቸው፤ ምድር ክብ ስለሆነች በካርታ የጎበጠ የሚመስለው መንገድ አጭሩ ነው። ነፋሱም ከፊት ስለሚመጣ መሄጃው ከመመለሻው ይረዝማል። ያዘዝነው ኮሸር ምግብ ወደ አዲሱ በረራ አልተላለፈም። በረራ ሲቀየርብዎ ይህንንም አብረው ይጠይቁ። አያቴ በፍራፍሬና ለእህታቸው ከያዙት ድርቆሽ ቆንጥረው ዋሉ።

አሜሪካ ሲገቡ የያዙትን ምግብ ሁሉ ይናገሩ፤ ቋንጣማ ጭራሽ አይያዙ። እኛ በርበሬውንና ድርቆሹን ተናገርን። ጉምሩኩ ከፍቶ አሸተተ፣ አንዴ አስነጠሰው፣ ዘጋው። ከዋሽንግተን ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል ሰው ሻንጣውን እዚያው ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ አለበት።

እህታቸው ከእጥበቱ በቀጥታ መጥታ፣ ክንዷ እንደታሸገ፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አያቴ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ተነሥተው በእግራቸው ሄዱ። እኔ ሻንጣውን ይዤ ወደ ኋላ ቀረሁ። የካሳውን ማመልከቻ ልኬያለሁ፤ መልሱ ገና አልመጣም።