በቡፌው ውስጥ የተቆለፈው ሠርግ

ምናልባት በቤትዎ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ «ሠርግ» ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈበት አንድ ጥቁር የቪዲዮ ካሴት ይኖር ይሆናል። ካለ ዛሬውኑ አውጥተው ይመልከቱት። በዚያ ካሴት ውስጥ አያትዎ ሲመርቁ፣ አባትዎ በጉርምስናቸው እስክስታ ሲወርዱ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ጎረቤቶች ጠላ ሲቀዱ ይታያሉ። ፎቶግራፍ መልክን ያስቀራል፤ ድምፅንና አካሄድን ያስቀረልን ግን ይህ ካሴት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አባቱ ሲሞቱ የ2 ዓመት ሕፃን ነበረ። የክርስትናው ካሴት በዲስክ ተገልብጦ በተመለከተ ጊዜ ከሥዕሉ ይልቅ ያስለቀሰው ድምፁ ነው። «ለካ ሳቄ የአባቴ ኖሯል!» አለኝ።

ቪ ኤች ኤስ የሚባለውን ይህን የካሴት ዓይነት ለገበያ ያቀረበው ጄ ቪ ሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ዘመኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1976 ነበር። እኛ ዴክ የምንለውን ማጫወቻ እስከ መጨረሻ ሲሠራ የቆየው ፉናይ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2016 ሥራውን አቆመ። ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው፤ ሲሰበርም መለዋወጫ በቀላሉ አይገኝለትም።

ክሩም ቢሆን እያረጀ ነው። 12.7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ስስ ፕላስቲክ ላይ መግነጢስ የሚቀበል እጅግ ደቃቅ ዱቄት በሙጫ ተለጥፎበታል፤ ሠርጉ ያለው በዚያ ዱቄት ላይ ነው። ሙጫው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እየላላም ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ዱቄቱ ይረግፋል። ዩኔስኮና የድምፅና ሥዕል መዛግብት ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2019 ስለዚሁ ጉዳይ ለዓለም ማስጠንቀቂያ አሰምተዋል። ብዙ ባለሙያዎች እንደ ወሰን ሲጠቅሱት የነበረው ዓመት 2025 ነበር፤ እሱም ደረሰ። ካሴቱ ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ማጫወቻውና ጠጋኙ ከካሴቱ ቀድመው ይጠፋሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ገልባጭ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ይስበሯት። ጥርሷ ከሌለች ዴኩ በላዩ ሌላ ነገር አይቀዳም። (የስንቱ ቤት ሠርግ በእግር ኳስ ጨዋታ ተሸፍኖ ቀርቷል!) በክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካዩ ከቶ ወደ ዴክ አያስገቡት፤ ሻጋታው የዴኩን ራስ ያበላሻል፣ ወደ ሌሎቹም ካሴቶች ይጋባል። አስቀድሞ በባለሙያ ይጸዳ።

ካሴቱ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የኛ አገር ሥርዓት ፓል ሲሆን 625 መስመርና በሴኮንድ 25 ሥዕል አለው፤ የአሜሪካው ኤን ቲ ኤስ ሲ 525 መስመርና ወደ 30 ሥዕል። ስለዚህ ሥዕሉ ቢንቀጠቀጥ ወይም ቀለሙ ቢጠፋ «ተበላሽቷል» ብለው አይጣሉት፤ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ይፈልጉለት።

ግልበጣው እንደ ፍላሽ በአንድ አፍታ አይፈጸምም፤ የ3 ሰዓት ሠርግ 3 ሰዓት ይፈጃል። ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ስለሚይዝ መልካም ሥዕል የሚሰጠው እስከ 2 ሰዓት ያህል ነው፤ ገልባጩ በአንድ ዲስክ ልጠቅጥቀው ቢልዎ በሁለት ያስደርጉት። አንዳንድ ገልባጮችም ሥዕሉን ለማሳመር ሲሉ በላዩ ዘፈን ይጨምራሉ። ይህን አይፍቀዱ! ከበስተኋላ የሚሰማው እልልታና የሕፃናት ጫጫታ በእኔ አስተያየት ከማናቸውም ዘፈን ይበልጣል።

ዲስኩም ዘላለማዊ አይደለም። በቤት የሚቀዳው ዓይነት ሥዕሉን የሚይዘው በቀለም ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ያጠፉታል፤ አዳዲሶቹም ኮምፒዩተሮች የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። ስለዚህ ሌላ ቅጂ በሐርድ ዲስክ ያኑሩ፤ አንዱንም ቅጂ ውጭ አገር ላለ ወንድም ወይም እኅት ይላኩ። ካሴቱንም አይጣሉ።

ቅጂው በእጅዎ በገባ ማግስት ቡና አስፈልተው እናትዎን ወይም አክስትዎን ከቴሌቪዥኑ ፊት ያስቀምጡ። «ይህች በቀሚስ ያለችው ማን ናት? ይህ ሽማግሌስ?» እያሉ ይጠይቋቸው፤ የመለሱልዎትንም ስም ሁሉ በወረቀት ጽፈው ከዲስኩ ጋር በአንድ መያዣ ያኑሩት።