ቁጠባዎን ከማውጣትዎ በፊት ይህን ቁጥር ያንብቡ

አሜሪካ ውስጥ በየወሩ የሚወጣው የአዳዲስ ንግዶች አሃዝ ለቤተሰብዎ ምን ይነግራል? ምንስ ሳይነግርዎ ያልፋል?

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎት እንዲህ ያለ ወሬ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ «ፍሎሪዳ ሰው ሁሉ ንግድ እየከፈተ ነው»፣ «ቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የግዛት ግብር አይቆረጥም»፣ «ዋዮሚንግ ድርጅት ማቋቋም የአንድ ቀን ሥራ ነው»። ከወሬው ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ግብዣ ነው፤ «እናንተስ ለምን አትገቡበትም?»

ግብዣው በቅንነት የሚቀርብ ሊሆን ይችላል። የሚጠየቀው ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም። ለቤት መግዣ የተጠራቀመ፣ ለልጆች ትምህርት የተቀመጠ፣ አንዳንዴም ባልና ሚስት ለዓመታት ሌሊት እየሠሩ ያፈሩት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ወሬው የቆመበትን ቁጥር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ በነጻም ይገኛል። ችግሩ ብዙዎች ከሚለው በላይ እንዲናገር ማስገደዳቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

በአሜሪካ ንግድ ለመጀመር የሚያስብ ሰው፣ በተለይ ማኅበር ካቋቋመ ወይም ሠራተኛ ሊቀጥር ካሰበ፣ ከፌዴራሉ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ከአይ.አር.ኤስ. የአሠሪ መለያ ቁጥር ይጠይቃል። በምህጻረ ቃል ኢ.አይ.ኤን. ይባላል። የእኛን ቲን ነምበር ያስቡ። የሕዝብ ቆጠራው መሥሪያ ቤት፣ ሴንሰስ ቢሮ፣ እነዚህን ማመልከቻዎች ይሰበስባል፤ የውርስ፣ የአደራ ንብረትና መሰል ጉዳዮችን ያወጣል፤ የቀረውን በግዛትና በሥራ ዘርፍ ከፋፍሎ በየወሩ ይፋ ያደርጋል። መረጃው ከ2004 አጋማሽ ጀምሮ ያለ ሲሆን 50ዎቹን ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲን ይሸፍናል።

በዚህ መዝገብ ትልቁ ታሪክ የኮሮና ዘመን ነው። በ2019 በመላው አገሪቱ የቀረቡት ማመልከቻዎች 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በ2020 ጸደይ ሁሉም ቤቱ ሲዘጋ ቁጥሩ አሽቆለቆለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ግን በአንድ ወር ብቻ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ማመልከቻ ገባ። በ2021 የዓመቱ ድምር 5.4 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ በ2023 ደግሞ 5.5 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ሥራ ያጣው፣ ቤት የዋለው፣ በኢንተርኔት መሸጥ የጀመረው፣ መኪና ገዝቶ ጭነት ልጫን ያለው ሁሉ ቅጹን ሞላ። «ሰው ሁሉ ንግድ እየከፈተ ነው» የሚለው ወሬ መነሻ አለው ማለት ነው።

ማመልከቻ ሱቅ አይደለም

የመጀመሪያው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚቆጥረው ቅጽ የሞላውን እንጂ በር የከፈተውን አይደለም። ቲን ነምበር ያወጣ ሰው ሁሉ ነጋዴ ሆኗል እንደማንለው ማለት ነው።

ሴንሰስ ቢሮ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ ከጠቅላላው ቁጥር ጎን ሌሎች ቁጥሮችን ያወጣል። አንደኛው ወደፊት ደመወዝ የመክፈል ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው የሚላቸውን ማመልከቻዎች ለይቶ ያሳያል። ለምሳሌ አመልካቹ ኮርፖሬሽን ከሆነ፣ ደመወዝ መክፈል የሚጀምርበትን ቀን ከጻፈ፣ ወይም የሥራ ዘርፉ እንደ ምግብ ቤት ሠራተኛ የሚፈልግ ከሆነ ከዚህ ይመደባል። በቅርብ ዓመታት ይህ ክፍል ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሌላው ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ በእርግጥ ደመወዝ ወደመክፈል ይደርሳሉ ተብለው የሚገመቱትን ያሳያል። ይህ ከ100 ማመልከቻ 10 እንኳ አይሞላም።

የቀሩት ከሰሩ ማለት አይደለም። ታክሲ የሚነዳ፣ ከቤቱ እንጀራ ጋግሮ የሚያከፋፍል፣ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ያለ ሠራተኛ ለዓመታት ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው «በወር ይህን ያህል ሺህ ንግድ ተከፈተ» ሲልዎት፣ ከውስጡ ብዙው ገና ሐሳብ፣ ገና ወረቀት መሆኑን ያስታውሱ።

የተከፈተውም ቢሆን አይጸናም የሚባልበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለረዥም ዓመታት ባጠናቀረው መረጃ መሠረት ከአዳዲስ የንግድ ቤቶች 20 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋሉ፤ 5ኛ ዓመታቸውን የሚያዩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ወርሃዊው ቁጥር የሚገቡትን ይቆጥራል፤ የሚወጡትን አይቆጥርም።

የሥጋ ቤቱ ሒሳብ

በፍስለታ ወይም በሁዳዴ ጾም ሥጋ ቤት ሲቀዘቅዝ «ባለቤቱ ከሰረ» የሚል የለም። በፋሲካ ማግስት ሲጨናነቅም «በአንድ ቀን ከበረ» አንልም። ወቅቱን እናውቃለንና።

የአሜሪካ የንግድ ማመልከቻም ወቅት አለው። አዲሱ የግብር ዓመት ሲገባ፣ በጥር፣ ብዙ ሰው ያመለክታል፤ በዓላት በሚበዙበት በዓመቱ መጨረሻ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት አሃዝ ያወጣል፤ አንዱ እንዳለ የተቆጠረው፣ ሌላው የወቅቱ ተጽዕኖ ተነስቶለት የተስተካከለው። አንድን ወር ከቀደመው ወር ጋር ማወዳደር ከፈለጉ የተስተካከለውን ይያዙ። ያልተስተካከለውን ከያዙ ደግሞ ጥርን ከአምናው ጥር ጋር ያነጻጽሩ። በአንድ ግዛት፣ በአንድ ወር የታየ ዝላይ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ በተለይ ትንንሽ ግዛቶች ላይ ቁጥሩ በቀላሉ ይዘላል፣ በቀላሉም ይወድቃል። ቢያንስ የሦስትና የአራት ወር አካሄድ ይመልከቱ።

ግዛቶችን ሲያወዳድሩ

በወረርሽኙ ማግስት በነበሩት ዓመታት ከሁሉም ግዛቶች ብዙ ማመልከቻ ያስመዘገበችው ፍሎሪዳ ናት። በ2021ም ሆነ በ2023 ከ6 መቶ ሺህ በላይ ማመልከቻ ቀርቦባታል። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ተከትለዋት ይመጣሉ። ይህን ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲያስተያዩት ልዩነቱ ይገዝፋል። በ2020 ቆጠራ ካሊፎርኒያ 39.5 ሚሊዮን፣ ቴክሳስ 29.1 ሚሊዮን፣ ፍሎሪዳ 21.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። ፍሎሪዳ ሕዝቧ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ካሊፎርኒያን በልጣለች።

እንግዲህ ወደ ፍሎሪዳ መሄድ ነው? አይቸኩሉ። ብዙ አዲስ ነጋዴ ያለበት ቦታ ብዙ ተፎካካሪ ያለበት ቦታም ነው። የግል ገቢ ግብር አለመኖሩ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሱቅ ኪራይ፣ ኢንሹራንስና የንብረት ግብር ያንን ጥቅም መልሰው ሊበሉት ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ንግድን ብቻውን አያቆምም። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምናያቸው የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ የቅመማ ቅመም ሱቆችና የሒሳብ ቢሮዎች የቆሙት ደንበኛው እዚያው ስለሚኖር ነው። ልጅ የምትይዝ እናት፣ ዕቁብ የሚጥል ጓደኛ፣ ብድር ሲጠፋ ዋስ የሚሆን ዘመድ በየትኛውም ወርሃዊ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገቡም። ግዛት ለውጦ እነዚህን ማጣት ዋጋ አለው፤ ያንንም ዋጋ ከወጪው ጋር ይደምሩት።

በጭነት መኪና ሥራ የሆነውን እናስታውስ። በወረርሽኙ ወቅት የጭነት ዋጋ ሲንር በትራንስፖርት ዘርፍ የሚቀርበው ማመልከቻ አሻቀበ፤ ብዙ ወገኖቻችንም መኪና በውድ ገዝተው ገቡበት። ከ2022 ጀምሮ የጭነት ዋጋ ሲወርድ የመኪናው ወርሃዊ ክፍያ ግን አልወረደም። ማመልከቻው በበዛበት ወር የገባ ሰው ገበያው በጠበበበት ወር ከፋይ ሆኖ ተገኘ።

ዋዮሚንግ ማን አለ?

የማመልከቻውን ቁጥር ለሕዝብ ብዛት ካካፈሉት ዋዮሚንግና ዴላዌር ከላይኞቹ ረድፍ ይገኛሉ። ዋዮሚንግ በ2020 ቆጠራ 577 ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ ነበራት፤ ከአንዳንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ብዙም የማትርቅ ማለት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ነጋዴ ማን ነው?

መልሱ አድራሻው ውስጥ አለ። ዋዮሚንግ በ1977 ኤል.ኤል.ሲ. የሚባለውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት። የግል ገቢም ሆነ የኮርፖሬት ገቢ ግብር የላትም፤ የዓመት ክፍያዋ ለትንሽ ድርጅት ከ60 ዶላር ይጀምራል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች በወኪል አድራሻ እዚያ ይመዘገባሉ። ወረቀቱ ዋዮሚንግ ነው፤ ሥራው ሌላ ቦታ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይጎዳል። ሜሪላንድ ውስጥ ምግብ ቤት ወይም የጽዳት ሥራ የሚሠራ ሰው ዋዮሚንግ ቢመዘገብም፣ ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ሌላ ግዛት ድርጅት ዳግም መመዝገብ አለበት፤ የሜሪላንድንም ግብር ይከፍላል። ያም ማለት ሁለት ምዝገባ፣ ሁለት ዓመታዊ ክፍያ፣ አንዳንዴም ሁለት ወኪል ማለት ነው። የየግዛቱ ክፍያም ይለያያል፤ በቅርብ ዓመታት ኤል.ኤል.ሲ. በቨርጂኒያ በዓመት 50 ዶላር፣ በሜሪላንድና በዴላዌር 300 ዶላር፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ ቢያንስ 800 ዶላር ይከፍል ነበር። ለአብዛኛው ትንሽ ንግድ የሚሻለው መልስ ቀላል ነው፤ በሚሠሩበት ግዛት ይመዝገቡ።

አዲስ አበባ ሆነው ለሚያስቡ

ከአገር ሳይወጡ የአሜሪካ ኤል.ኤል.ሲ. ማቋቋም እንደሚቻል የሚሰብኩ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። በአሜሪካ ሕግ ይቻላል፤ ዜግነትም ሆነ መኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። የመለያ ቁጥሩን ማውጣትም በራሱ ነጻ ነው፤ ለእሱ ብቻ ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቅዎት ሰው የሚሸጥልዎት ቅጽ መሙላትን ነው።

ማስታወቂያው የማይነግርዎት ግን አለ። ባለቤቱ አንድ የውጭ አገር ሰው የሆነ ኤል.ኤል.ሲ. ከባለቤቱ ጋር ያደረገውን የገንዘብ ልውውጥ፣ ማቋቋሚያውን ጨምሮ፣ በየዓመቱ ለአይ.አር.ኤስ. ማሳወቅ አለበት፤ ትርፍ ባያገኝም። ይህን ያላደረገ ቅጣቱ ከ25 ሺህ ዶላር ይጀምራል። በ100 ዶላር የተከፈተ ወረቀት እንዲህ ያለ ዕዳ ሊያመጣ ይችላል። በአገራችን የውጭ ምንዛሪና የግብር ሕግ በኩል የሚጠበቅብዎትንም ከባለሙያ አስቀድመው ይጠይቁ።

ቤተሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ ይመልስ

ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ባልና ሚስት፣ ካስፈለገም ትልልቅ ልጆች ባሉበት እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ይመልሱ፦

• የተነገረን ቁጥር ጠቅላላ ማመልከቻ ነው ወይስ ሠራተኛ ይቀጥራሉ ተብለው የተለዩት?
• የአንድ ወር ነው ወይስ የብዙ ወራት አካሄድ? የወቅቱ ተጽዕኖ ተነስቶለታል?
• ለሕዝቡ ብዛት ሲካፈል ምን ይመስላል?
• በእኛ የሥራ ዘርፍ ያለው ማመልከቻ እየጨመረ ነው? ከሆነ ደንበኛውስ በዚያው ልክ ጨምሯል?
• የምንመዘገበው የት ነው? የምንሠራውስ? ሁለቱ ከተለያዩ ለምን?
• ለመጀመሪያው አንድ ዓመት ምንም ገቢ ባይኖር የቤት ኪራዩና የልጆቹ ክፍያ ከየት ይመጣል?

የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ ካቃተዎት የፍሎሪዳም የቴክሳስም ቁጥር አይመልስልዎትም። መመለስ ከቻሉ ግን አብዛኛው ሰው ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ያላደረገውን አድርገዋል።

ንግድ መጀመር መልካም ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የተለወጠበት መንገድ ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት መጠምጠሙን ለመከልከል አልነበረም። በሚቀጥለው ወር አዲሱ አሃዝ ሲወጣ ዘመድዎ ደውሎ «አያችሁ፣ ጨመረ!» ቢልዎት፣ ስልኩን ሳይዘጉ «የትኛው ቁጥር?» ብለው ይጠይቁት። ከዚያ ጥያቄ የሚጀምረው ወግ ከግብዣው ይልቅ ለሁለታችሁም ይጠቅማል።